የፒክአፕ ፊት ለምታነሳ ልጄ

ልጄ፣ የመጀመሪያ ደንበኛህ «የፒክአፔን ፊት ከፍ አድርገህ ከኋላው ጋር አስተካክልልኝ» እንዳለህ ነገርኸኝ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ልኩን ማወቅ ነው። ዕድሜዬን ከመኪና ሥር ተኝቼ የተማርኩትን ልንገርህ።

1. ለምን እንዳዘነበለ እወቅ። ፒክአፕ ከፋብሪካ ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ብሎ የሚወጣው በስህተት አይደለም። የኋላው ባሌስትራ ጭነት እየጠበቀ ነው፤ ጤፉ ወይም ሲሚንቶው ሲጫንበት ዝቅ ይላል። ባዶውን ፍጹም ያስተካከልኸው መኪና ሲጫን አፍንጫውን ያነሳል፣ መሪውም ይቀልበታል። ጭነት ለሚሠራ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝንባሌ ተውለት።

2. ሳትለካ ቡሎን አትፍታ። ሜዳ ላይ አቁመው፣ የጎማዎቹን ነፋስ አስተካክል፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለክተህ ጻፍ። ፊቱ ከቀድሞው ወርዶ ከሆነ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ከባድ የብረት ጋሻ ተገጥሞበታል። ለደከመ ሞላ መድኃኒቱ አዲስ ሞላ ነው።

3. የያዝኸውን የፊት እግር ዓይነት ለይ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው፣ ቪጎ የምንለው ሂሉክስ ፊቱ በሞላ ነው የቆመው። ከእሱ በፊት በነበሩት ብዙዎቹ ባለ 4×4 ግን ቶርሽን ባር የሚባለው ተጠማዛዥ ዘንግ ነበር። የዘንጉን ቡሎን ስታጠብቅ ቁመቱ ይቀየራል እንጂ ዘንጉ አይጠነክርም። መኪናው የሚደርቀው ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ የሚወርድበት ቦታ ስለሚያጣ ነው። በሞላው ደግሞ ከአሞርዛተሩ አናት 2.5 ሴንቲ ሜትር ብረት ብታስገባ ፊቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይነሳል፤ አሞርዛተሩ የተያዘው ከክንዱ መሐል አካባቢ ስለሆነ ጎማው ጋ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው 5 አስገብቶ 10 ያነሳል።

4. ነፍስህን ጠብቅ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግባ፤ ሻንሲውን በጠንካራ መቆሚያ ያዘው። የቶርሽን ባሩን ቡሎን የምትነካው ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ሲንጠለጠሉ ነው። የታመቀ ሞላን ደግሞ በማመቂያ ሳትይዝ የአናቱን ዳዶ አትፍታ፤ ተፈናጥሮ ይገድላል።

5. ከ5 ሴንቲ ሜትር አትለፍ። በወጣትነቴ አንድ ደንበኛ «ጨምር፣ ጨምር» ሲለኝ የቶርሽን ባሩን ቡሎን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁለት። ብዙ ሳይቆይ መኪናው ተመለሰ። ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ከልክ በላይ ታጥፎ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ግራሶው ፈስሷል፣ መገጣጠሚያውን አሸዋ በልቶታል። ዕቃውን ከራሴ ኪስ ገዝቼ ተካሁ። ያን ቀን ያሳዘነኝ ገንዘቡ ሳይሆን፣ ሰውየው እኔን አምኖ ሩቅ መንገድ መውጣቱ ነው።

6. ሥራው ፊቱ በተነሳ ጊዜ አያልቅም። ጎማውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ ጥግ አዙረህ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር፣ ጎማውም የትም እንዳይነካ ተመልከት። ጥቂት ነድተህ ሲረጋ ደግመህ ለካ፤ ከዚያ ዊል አላይመንት አሠራ። ቁመቱ ሲቀየር የጎማው አቋቋም ይዛባል፤ ሳይስተካከል የሄደ መኪና አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል። በመጨረሻም የፊት መብራቱን ዝቅ አድርግ። ሊማሊሞን በመሰለ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋ መብራት ሁለቱንም ገደል ይከታል።

ልጄ፣ የፊት እግር ጎማው ለመውጣትም ለመውረድም ቦታ ሲኖረው ነው በትክክል የተሠራው። ከዚያ በላይ «ጨምር» ለሚልህ ደንበኛ ምክንያቱን በትሕትና አስረዳውና እምቢ በል። ተቆጥቶ ቢሄድብህም በሰላም ቤቱ ይገባል።