ያሺካና የጋይሳይ ኒያላ

ጥያቄ፦ ጎባ ነው የምኖረው። ከአባቴ የወረስኩት ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ተጠምዝዞ የሚገጠም ማቅረቢያ ሌንስ አለው። ጋይሳይ ላይ በቅርብ የማነሳው ኒያላ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ዓይንዎን አይጠራጠሩ። በመመልከቻው ሁለቱን ምስል ሲያገጣጥሙ ካሜራው የሚያስተካክለው የራሱን 45 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ነው፤ ከፊቱ የተጨመረውን አያውቀውም። ማቅረቢያው 1.3 ጊዜ ያህል ስለሚያጎላ፣ የለኩትን ርቀት በ1.3 ካሬ፣ ማለትም ለ1.7 ያህል ያካፍሉ። ኒያላው 8 ሜትር ተኩል ላይ ከቆመ የርቀት ቀለበቱን 5 ላይ ያድርጉ። ከሳኔቲ ሩቅ ተራራ ሲያነሱ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም። ማቅረቢያው የሌንሱን ብርሃን ብዙም ስለማይቀንስ፣ ከሌንሱ ውጪ ያለው ብርሃን መለኪያም አይሳሳትም። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 8 ቢያጠቡት ጠርዙም ይጠራል። ለቀይ ቀበሮ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከማቅረቢያው ጋር የሚያገኙት 58 ሚሊሜትር ያህል ብዙም አያቀርብም።