«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ስለ እንቅልፍ መድኃኒቶች ክፍል ውስጥ ስንማር አብዛኞቻችን ሸምድደን የምንወጣው መጠናቸውንና የጎንዮሽ ጉዳታቸውን ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ግን አብሯቸው ስለሚወሰደው ነገር ነው። ምክንያቱም በታዘዘው መጠን ብቻውን ሲወሰድ ብዙም የማያሰጋ ክኒን ከሌላ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ እስከ ማስቆም ሊደርስ ይችላል።

መስተጋብሩ በዋናነት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው መደራረብ ነው። ዲያዜፓም ጋባ የተባለውን አእምሮን የሚያረጋጋ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል። አልኮልም እዚያው ላይ ይሠራል። እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ደግሞ በሌላ በር ገብተው ትንፋሽን ያዳክማሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. የእነዚህና የዲያዜፓም ዓይነቶቹ መድኃኒቶች መግለጫ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲሠፍር ያዘዘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በጉበት ኢንዛይሞች በኩል ነው። ዲያዜፓም ግማሹ ከደም ለመውጣት ብቻውንም ቢሆን ከ20 እስከ 50 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለጨጓራ የሚሰጠው ሲሜቲዲን ኢንዛይሞቹን ስለሚገታ ይህን ጊዜ ያራዝመዋል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ኢንዛይሞቹን ያበዛል። በሽተኛው «አልሠራልኝም» ይላል፣ መጠኑም ሊጨመርለት ይችላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! አደጋው የሚመጣው የቲቢው ሕክምና ሲያልቅ ነው። በሁለት ሳምንት ገደማ ኢንዛይሞቹ ወደ ነበሩበት ሲመለሱ፣ ያ የተጨመረው መጠን ከልክ ያልፋል።

ታዲያ መድኃኒት ስናድል «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ይበቃል? እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ብዙ ሰው የጉንፋን ክኒንን እንደ መድኃኒት አይቆጥርም፤ ክሎርፌኒራሚን ያለበት ግን እሱም ያስተኛል። አረቄንማ ማን ከመድኃኒት ይቆጥረዋል! ስለዚህ አንድ በአንድ እንጠይቅ፦ «እማማ፣ ለጉንፋን የሚወስዱት አለ? ለሕመምስ? ለጨጓራስ? ማታ ማታ ቀመስ ያደርጋሉ? በቅርቡ የጨረሱት መድኃኒትስ አለ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ እንዳትረሳ።

መልሱ የሚያሳስብ ከሆነም «ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት» አይባልም። ዲያዜፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። የኛ ድርሻ መድኃኒቱን ከማስረከባችን በፊት ላዘዘው ሐኪም ማሳወቅ ነው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።