የመኪናዎን ቀለም ለዓመታት የሚጠብቅ ሽፋን ከማሠራትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለ መኪና ይበልጥ ይሳሳለታል። ቀለሙን ለመጠበቅ ገንዘብ ማውጣትም ያዋጣል፤ ወጪው የሚያዋጣው ግን ቀለሙን የሚጎዳው ምን እንደሆነ ለይቶ ለሚያውቅ ባለቤት ነው። ድንጋይን የሚከላከለው ሽፋን ሌላ፣ ፀሐይን የሚችለው ሌላ ነው። የመጥፎ አስተጣጠብን ጉዳት ደግሞ አንዱም ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚነዳ ሰው ከመወሰኑ በፊት የሚያጣራቸው ነገሮች እነሆ።

1. መኪናዎ የት ይውላል?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ብርዱና ጭጋጉ አያዘናጋዎት፤ ውጭ የሚያድር ቀይ መኪና ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድሞ የሚገረጣው በጨረሩ ነው። በየቀኑ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ወይም በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚዘልቁ ከሆነ ግን ዋናው ጠላትዎ ከፊት ያለው ከባድ መኪና ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር ነው። ሰኞ ገበያ ዳር የሚያቆም ሰው ደግሞ የጋሪ፣ የባጃጅና የሸክም ጭረት ያሠጋዋል።

2. የሚሸጥልዎ የትኛው ነው?

• ሰም (ዋክስ)፦ ያብለጨልጫል፣ ርካሽ ነው፣ በራስዎ እጅ ይቀባል። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል።

• ሲላንት፦ በፋብሪካ የተቀመመ የሰም ምትክ ነው። እስከ ስድስት ወር ሊዘልቅ ይችላል።

• ሴራሚክ ኮቲንግ፦ በአብዛኛው ከሲሊካ የሚሠራ ፈሳሽ ሲሆን ቀለሙ ላይ ደርቆ ይጣበቃል። በደንብ ከተያዘ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ውሃ አይቆምበትም፣ ጭቃ ቶሎ ይለቅለታል፣ የወፍ ኩስ ቀለሙን እስኪበላው ጊዜ ይሰጥዎታል። ውፍረቱ ግን አንድ ሁለት ማይክሮን ብቻ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጠጠርንም ሆነ የጋሪ ጭረትን አያቆምም።

• ግልጽ ፊልም (ፒፒኤፍ)፦ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍር የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው። ጠጠርን በእውነት የሚችለው ይህ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ይከብዳል።

«9ኤች ጥንካሬ አለው» ሲባሉ አይደነቁ። ልኬቱ የእርሳስ ነው፤ 9ኤች የተባለው ጠንካራ እርሳስ አይጭረውም ማለት እንጂ ሚስማር አይነካውም ማለት አይደለም።

3. ቀለሙ የፋብሪካ ነው?

ያገለገለ መኪና ከገዙ አስቀድመው ያረጋግጡ። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርገው ከሥሩ የቀለም ብናኝ ይፈልጉ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹንና ፓራፋንጎውን ይዳስሱ፤ አንድ ቦታ ላይ አልይዝ ካለ ከሥሩ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። በደንብ ባልያዘ ቀለም ላይ የተለጠፈ ፊልም በሚነሳበት ቀን ቀለሙን ይዞት ይመጣል። መኪናው ገና ከቀለም ቤት የወጣ ከሆነም ቀለሙ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንታት ይታገሡ።

4. ከሽፋኑ በፊት ምን ይሠራል?

የዋጋው ትልቁ ድርሻ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። የታጠበውን ኮፈን በስስ ፌስታል በተሸፈነ ጣት ዳሰስ ያድርጉት፤ ከሻከረዎት በእጥበት ያልለቀቀ ቆሻሻ አለ። ከዚያ የስልክዎን ባትሪ አብርተው ቀለሙን ይዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ካሉ መጀመሪያ ፖሊሽ መደረግ አለባቸው፤ አለዚያ ሴራሚኩ ከነጭረቱ ያሽገዋል። ፖሊሽም ልክ አለው። የፋብሪካ ቀለም የላይኛው ግልጽ ንብርብር ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ ፖሊሽ ትንሽ ይቀንስለታል። ሠራተኛው የቀለም ውፍረት መለኪያ እንዳለው ይጠይቁ።

5. የት ይሠራል?

በራፉ ክፍት በሆነ፣ ኮብልስቶን ዳር አቧራ በሚነሳበት ጋራዥ ሴራሚክ አያስቀቡ። ኮምቦልቻ ላይ በቀትር የጋለ ቆርቆሮ ላይ ከተቀባ ደግሞ ፈሳሹ ሳይስተካከል ደርቆ መስመር ይሠራል። ጠርሙሱ በፊትዎ ይከፈት። ከተቀባ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው፣ አንድ ሳምንት ያህልም በሳሙና አይታጠብ፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን ያሳልፉ።

6. ዋስትናው የት ነው?

ብዙ ዋስትና በየዓመቱ ለምርመራ መቅረብን ይጠይቃል። ያሠሩት አዲስ አበባ ከሆነ ለአንድ ምርመራ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደው ያንኑ ያህል ይመለሳሉ ማለት ነው። ምን እንደሚሸፍንና በምን ምክንያት እንደሚሰረዝ በጽሑፍ ያግኙ። በጽሑፍ ካልሰጡዎት እንደሌለ ይቁጠሩት።

7. ማን ያጥብልዎታል?

ላቫጆ ቆመው ይመልከቱ። ልጁ ጎማውን የጠረገበትን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ነከር አድርጎ ወደ በሩ ይሄዳል፤ በጨርቁ ላይ የቀረው አሸዋ ቀለሙን ይጭራል። በእንዲህ ዓይነት አስተጣጠብ የአምስት ዓመቱ ሴራሚክ ሁለት ዓመት መድረሱም ያጠራጥራል። የራስዎን ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዘው ይሂዱ፤ ለጎማ ሌላ ጨርቅ፣ ለማጠቢያ ሌላ፣ ለማለቅለቂያ ሌላ ባልዲ ይጠይቁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይንካው።

ታዲያ የቱን ይምረጡ?

በአንድ ዓመት ውስጥ ለመሸጥ ካሰቡ ፖሊሽና ሰም ይበቃዎታል። በሐረጎ የሚመላለሱ ከሆነ ኮፈኑን፣ የፊት ባምፐሩንና ስፖኪዮዎቹን ብቻ ፊልም ያስለብሱ፤ መላውን መኪና ማስለበስ ለአብዛኛው ሰው ብክነት ነው። ቀለሙ የፋብሪካ የሆነ፣ አስተጣጠቡን የሚቆጣጠርና መኪናውን ለዓመታት ሊይዝ የወሰነ ሰው ሴራሚክ ቢያስቀባ አይቆጭም። መኪናው ፀሐይ ላይ የሚውልና ውጭ የሚያድር ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ብር ለጥላ ያውሉት፤ ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ወይም ደህና የመኪና ልብስ ጨረሩን ከየትኛውም ጠርሙስ በተሻለ ይከላከላል።