ጆሮዬ ይጮኻል፤ መርፌው ያድነኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቀኝ ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት እንደ ፉጨት እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ። በአኩፓንክቸር፣ በቻይናው የመርፌ ሕክምና ይድናል አሉኝ። ልሞክረው?

መልስ፦ መርፌው ጩኸቱን እንደሚያጠፋ እስካሁን በአስተማማኝ ጥናት አልተረጋገጠም። የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጥናቶቹን መርምሮ፣ “አድርጉ”ም “ተዉ”ም ሳይል አልፎታል። ጩኸቱ በራሱ ጊዜ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የቀነሰው በመርፌው ይሁን እንዲሁ መለየት ያስቸግራል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የሚጮኸው አንድ ጆሮዎ ብቻ መሆኑ ነው። እባክዎ ከመርፌው በፊት የጆሮ ሐኪም ይይዎት፤ የመስማት ምርመራም ያድርጉ። አንዳንዴ ኩክ ሲወጣ ብቻ ይሻላል፤ አልፎ አልፎ ግን በመስሚያው ነርቭ ላይ የበቀለ እጢ ሊሆን ይችላል። ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመማ ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ሕክምናው ሲዘገይ የመዳን ዕድሉ ይጠባል።

መስማትዎ ቀንሶ ከተገኘ የመስሚያ መሣሪያ ብዙዎችን ከጩኸቱም ያሳርፋል። ከጩኸቱ ጋር የሚመጣውን ጭንቀት ለማቅለል ደግሞ የተሻለ ማስረጃ ያለው አስተሳሰብና ልማድን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ነው። ማታ ሬዲዮ ዝቅ አድርገው ይክፈቱ፤ ጸጥታው ጩኸቱን ያጎላዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መርፌውን መሞከር ከፈለጉ፣ ባለሙያው የሠለጠነ፣ መርፌውም አንዴ ብቻ የሚያገለግል ይሁን፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት።