አጭር ኮድ ሁሉ ግልጽ ነውን?

አንድን ፕሮግራም በጥቂት ምልክቶች ጽፎ መጨረስ ብዙውን ጊዜ እንደ ችሎታ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ፕሮግራም የሚጻፈው ለኮምፒዩተሩ ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ለሚያርመውና ለሚያሻሽለው ሰው ጭምር ነው። ጉዳዩን በአንድ ቀላል ምሳሌ እንመልከት።

ሀ እና ለ የተባሉ ሁለት ተለዋዋጮች እንደ ቅደም ተከተላቸው 5 እና 3ን ይዘዋል እንበል። ይዘታቸውን ለማቀያየር የተለመደው ዘዴ የሚከተለው ነው፦

መ ← ሀ
ሀ ← ለ
ለ ← መ

ወተትና ውኃ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎችን ይዘት ለማለዋወጥ ሦስተኛ ባዶ ብርጭቆ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ እዚህም መ ያስፈልጋል። “ብልሃተኛው” ዘዴ ግን መን ያስቀራል፦

ሀ ← ሀ ⊕ ለ
ለ ← ሀ ⊕ ለ
ሀ ← ሀ ⊕ ለ

⊕ የሁለት ቁጥሮችን የሁለትዮሽ አኃዞች ጥንድ በጥንድ እያነጻጸረ፣ ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 የሚሰጥ ስሌት ነው። 5 በሁለትዮሽ 101፣ 3 ደግሞ 011 በመሆናቸው፣ በመጀመሪያው መስመር ሀ 110፣ ማለትም 6 ይሆናል። በሁለተኛው ለ 101 (5)፣ በሦስተኛው ሀ 011 (3) ይሆናሉ። ውጤቱ ትክክል ነው።

ችግሩ የሚከሰተው ሁለቱ ስሞች አንድ የማኅደረ ትውስታ ቦታ ሲያመለክቱ ነው። የተማሪዎችን ውጤት የሚደረድር ፕሮግራም ከቀሪዎቹ ትንሹን እየፈለገ ወደ ፊት ያመጣል እንበል። ትንሹ ውጤት ቀድሞውኑ በቦታው ካለ ከራሱ ጋር ይቀያየራል። ማንኛውም ቁጥር ከራሱ ጋር በ⊕ ሲሰላ 0 ስለሚሰጥ፣ 85 ያገኘ ተማሪ 0 ይመዘገብለታል። ፕሮግራሙ ግን አንዳች የስሕተት መልእክት አያሳይም። በመጀመሪያው ዘዴ 85 እንደነበረ ይቆያል።

ብልሃቱ ፈጣን ነው የሚለውም ክርክር በአብዛኛው አያስኬድም። ዘመናዊ ኮምፓይለሮች መን በፕሮሰሰሩ ሬጅስተር ውስጥ ማስተናገድ ይችላሉ፤ በብልሃተኛው ዘዴ ግን እያንዳንዱ እርምጃ የቀዳሚውን ውጤት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

ኔዘርላንዳዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1972 ባደረገው የቱሪንግ ሽልማት ንግግር፣ ብቁ ፕሮግራመር የአእምሮውን ውስንነት ስለሚያውቅ ከእንዲህ ዓይነት ብልጠት እንደሚርቅ አስገንዝቧል።

ይህ ሲባል ማሳጠር ይነቀፋል ማለት አይደለም። ድግግሞሽን የሚያስወግድ እጥረት ግልጽነትን ይጨምራል፤ አሳብን የሚደብቅ እጥረት ግን ስሕተትንም አብሮ ይደብቃል። ማኅደረ ትውስታው እጅግ አነስተኛ በሆነ መሣሪያ ላይ ብልሃቱ የግድ ቢያስፈልግ፣ ምክንያቱና ገደቡ ከኮዱ ጎን በማስታወሻ ሊብራራ ይገባል።

ለመልመጃ ያህል፦ ብልሃተኛው ዘዴ የተማሪውን ውጤት እንዳያጠፋ ምን ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ሊጨመርበት ይገባል? ከተጨመረስ በኋላ ከመጀመሪያው ያጥራልን?