በሌላ ሰው መሳቢያ ያለ ማስረጃ

“በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” የሚለውን አባባል የማያውቅ ነጋዴ የለም። ችግሩ ጽሑፉ ሁልጊዜ በባለገንዘቡ እጅ አለመገኘቱ ነው። ብዙ አነስተኛ የገንዘብ ክሶች የሚሰናከሉት ማስረጃ ስለሌለ ሳይሆን፣ ማስረጃው የክርክሩ ተካፋይ ባልሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ስለሚቀር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የመርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ሳሪስ ላለ ቸርቻሪ የ85 ሺ ብር ጨርቅ በዱቤ ሸጠ እንበል። ዕቃውን ያደረሰው የጭነት አመላላሽ ድርጅት ሲሆን፣ የቸርቻሪው ሠራተኛ በአመላላሹ የማስረከቢያ ጥራዝ ላይ ፈርሞ ተረክቧል። 40 ሺው ብር በባንክ ገባ። የቀረው 45 ሺ ሲጠየቅ ግን ቸርቻሪው “ዕቃው ከነጭራሹ አልደረሰኝም፤ የተከፈለውም በሌላ ሒሳብ ነው” አለ። በጅምላ ነጋዴው እጅ ያለው የራሱ ደብተር ብቻ ነው። ፊርማው ያለው አመላላሹ ዘንድ፣ ገንዘቡን ማን እንዳስገባ የሚያሳየው መዝገብ ባንኩ ዘንድ፣ የሱቁ ንግድ ፈቃድ በማን ስም እንደወጣ የሚያስረዳው ፋይል ደግሞ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

እንዲህ ያለ ክስ የት ይታያል? በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክርን ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። 45 ሺ ብር የሚጠይቀውም ሆነ 9 ሚሊዮን የሚጠይቀው በአንድ ደረጃ ይጀምራል፤ የሚመራበትም ሕግ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ስለዚህ “ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ዳኛው ይረዳኛል” ብሎ ባዶ እጅን መቅረብ አያዋጣም።

ጊዜው መቼ ነው?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 ከሳሽ ከክስ ማመልከቻው ጋር የማስረጃ ዝርዝር እንዲያያይዝ ያስገድዳል። ዝርዝሩ በእጁ ያሉትን ሰነዶች ብቻ የሚይዝ አይደለም። በእጁ የሌሉትም በማን እጅ እንደሚገኙ መገለጽ አለባቸው። ተከሳሽም መከላከያውን ሲያቀርብ ተመሳሳይ ግዴታ አለበት። ቁጥር 137 እንደሚያዘው ደግሞ በጊዜው ያልቀረበ ሰነድ በኋላ ተቀባይነት የሚያገኘው ፍርድ ቤቱ በመዘግየቱ ውስጥ ክፉ ልቦና እንደሌለ ሲያምን ነው። “ሰነዱ አመላላሹ ዘንድ ስለነበረ ሳልጠቅሰው ቀረሁ” የሚል ምክንያት ብዙም አያስኬድም፤ ሰነዱ በእጅ ባይኖርም ስሙን መጥራት ይቻል ነበርና።

ሁለት መንገዶች

ሰነዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በሌላ ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ከሆነ መንገዱ ቁጥር 145 ነው። ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነት ወይም በተከራካሪ ጥያቄ ሰነዱን አስቀርቦ ሊመለከት ይችላል። ጠያቂው ግን ማመልከቻውን በቃለ መሐላ ማስደገፍ ይኖርበታል። በቃለ መሐላው ሰነዱ ለጉዳዩ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ፣ የተረጋገጠ ግልባጩንም ያለ ብዙ መዘግየት ወይም ወጪ በራሱ ማግኘት እንዳልቻለ ወይም የግድ ዋናው መቅረብ እንዳለበት ያስረዳል። በምሳሌው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያለው ፋይል የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሰነዱ በግል ድርጅት ወይም በግለሰብ እጅ ከሆነ ሕጉ በምስክር አጠራር ሥርዓት ይጠቀማል። አንድ ሰው ምስክርነት ሳይሰጥ ሰነድ ብቻ እንዲያቀርብ መጥሪያ ሊላክለት ይችላል፤ ሰነዱን በሌላ ሰው እጅ ቢልክም ግዴታውን እንደፈጸመ ይቆጠራል። የጭነት አመላላሹ ሥራ አስኪያጅ ቀኑን ሙሉ ችሎት ደጃፍ መቆም ሳያስፈልገው ጥራዙን ልኮ ሊገላገል ይችላል ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ በትህትና ያስረዳ ከሳሽ ከአመላላሹ ጋር አይቀያየምም፤ ነገም ዕቃ ያስጭነዋልና።

ባንክን በተመለከተ በቅድሚያ ሄዶ መለመን ትርፉ ድካም ነው። ባንክ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት የሌላ ሰው ሒሳብ የሚገልጸው ሕግ ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው። ከሳሽ የራሱን ሒሳብ መግለጫ ግን ያለ ትእዛዝ ማውጣት ይችላል። 40 ሺው ብር በየትኛው ቀን እንደገባ በራሱ መግለጫ ካሳየ ከባንኩ የሚፈለገው የአስገቢው ማንነት ብቻ ይሆናል።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን

ዳኞች በቀላሉ የማይቀበሉት “የተከሳሹ የሦስት ዓመት ሒሳብ በሙሉ ተጣርቶ ይቅረብልኝ” የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ነው። ጥሩ ማመልከቻ አምስት ነገሮችን ይለያል፤ የሰነዱን ዓይነት፣ ቁጥሩንና ቀኑን፣ የሚገኝበትን ቦታ፣ የሚያስረዳውን ፍሬ ነገር፣ በራስ ጥረት ያልተገኘበትን ምክንያት። ስለዚህ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ለሰነዱ ባለቤት ደብዳቤ ጽፎ፣ በግልባጩ ላይ “ተቀብለናል” የሚል ማኅተም ማስመታት ይጠቅማል። ሰነዱ ከተሰጠ ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ከተከለከለም ማኅተሙ ራሱ ለቃለ መሐላው ድጋፍ ይሆናል።

ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። አብዛኛውን ጊዜ የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ ከሬጅስትራር ወስዶ የሚያደርሰው ጠያቂው ነው። ደብዳቤው ሳይደርስ የቀጠሮው ቀን ከመጣ ጥፋቱ የእርሱ ይሆናል። ደርሶት መልስ ያልሰጠ ካለ ግን ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል።

ሒሳቡ

ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ? በቀን 3 ሺ ብር የሚያተርፍ ሱቅ ለአራት ተጨማሪ ቀጠሮዎች ቢዘጋ 12 ሺ ብር ይቀርበታል፤ ይህ ከ45 ሺው ከሩብ በላይ ነው። የረታ ወገን ወጪና ኪሳራ መጠየቅ ቢችልም በተዘጋ ሱቅ የቀረ ገበያ ተመልሶ አይመጣም።

ጊዜም የራሱ ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ በመደበኛነት 10 ዓመት ይሰጣል። ነገር ግን የአመላላሹ ጥራዝ 10 ዓመት ይቆያል ብሎ የማለ የለም። ጥራዙ ይጠፋል፣ ድርጅቱ ይዘጋል፣ የፈረመው ሠራተኛ ሥራ ይለቃል። መብቱ ሳይሞት ማስረጃው ቀድሞ ሊሞት ይችላል።

ከሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት ክስ ሳይታሰብ የሚወሰደው ነው። ዕቃው የደረሰ ዕለት ከአመላላሹ የተፈረመውን ማስረከቢያ ቅጂ መቀበል፣ ቁጥሩን በራስ ደረሰኝ ላይ መጻፍ፣ የተረካቢውንም ሙሉ ስም ማስመዝገብ። ቅጂው በእጁ ያለ ነጋዴ ዋናው ቢጠየቅ እንኳ የቱን ጥራዝ፣ የትኛውን ገጽ እንደሚያስቀርብ ያውቃል። የአንድ ወረቀት ዋጋ ከ45 ሺ ብር ጋር አይወዳደርም።