የተናቀ ወረቀት ዋጋ

አሮጌ ባለሥዕል መጽሔት ስለምን በውድ ይሸጣል?

ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ በ2014 ግን በደንብ የተጠበቀ አንድ ቅጂ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ምሥጢሩ መናቁ ነው። ልጆች አንብበው ጣሉት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት እጥረት ተሰበሰበ፤ አስፈሪ ታሪክ የያዙትንም እ.ኤ.አ. በ1954፥ ከሴኔቱ ምርመራ በኋላ፥ አሳታሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ አገዷቸው። የተረፈውንም ርካሹ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ቢጫ ያደርገዋል፤ ያደርቀዋል።

ስለዚህ መርማሪዎች ጀርባውን፥ ማዕዘኑንና የገጹን ንጣት አይተው እስከ 10 ነጥብ ይሰጡታል። ቀዳዳውን በሙጫ መጠገን ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ታሪኩንማ በርካሽ ድጋሚ እትም ማንበብ ይቻላል። ሰብሳቢው የሚከፍለው ማንም ሳያስብለት ለተረፈው ወረቀት ነው። እኛስ ዛሬ ንቀን የምንጥለው ምንድን ነው?